የጭራቅና የአስፈሪ ፍጥረታት ተረት ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የአያቶቻቸውን ተረት በስልክ ቀድተው በጽሑፍ የሚያኖሩ፣ ከዚያም አልፈው የሌላውን ዓለም ጭራቆች ለአማርኛ አንባቢ የሚያስተዋውቁ ወጣቶች አሉ። ሥራቸው እጅግ ደስ ያሰኘኛል፤ ስለዚህም በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው የሚታዩትን ስህተቶች በግልጽ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። አብዛኞቹ የሚመነጩት ፍጥረቱን ከተወለደበት አገርና ከሚተርኩት ሰዎች ነጥሎ ከማየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ፊልም ያሳየንን የሕዝብ ተረት አድርጎ መቀበል ነው። ዞምቢ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው እየበላ የሚንከራተት፣ የነከሰውንም ሁሉ እንደ ራሱ የሚያደርግ ሬሳ ነው፤ ይህ ምስል ግን የተስፋፋው በ1968 አሜሪካ ውስጥ ከተሠራ ፊልም ወዲህ ነው። ተረቱ በተወለደባት በካሪቢያኗ አገር በሄይቲ ሰዎች ትረካ ግን ዞምቢ ማንንም አይበላም። ቦኮር የሚባለው አስማተኛ ከመቃብር አስነሥቶ ፈቃዱን የነጠቀው፣ በሰው እርሻ ላይ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት የሚለፋ ምስኪን ነው። ሄይቲ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን ማብቂያ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በባርነት የሚማቅቁባት፣ በ1804 በራሷ ልጆች ተጋድሎ ነጻ የወጣች አገር መሆኗን የሚያውቅ አንባቢ፣ የተረቱ ፍርሃት ከወዴት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። የአገሬውን ሰው የሚያስጨንቀው ዞምቢ መሆኑ ራሱ ነው፤ ሞት እንኳ ከጌታው እጅ የማያስጥለው ሰው ሆኖ መቅረት። ይህን ትቶ ስለ ንክሻ ብቻ የሚጽፍ ሰው የሄይቲን ተረት ገና አልጻፈም። ከመቃብር ተነሥቶ ደም ይመጣል የሚባለው የቫምፓየርም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል የሚለው በ1922 ከወጣ የጀርመን ፊልም የመጣ ሲሆን፣ በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የባልካን ገበሬዎች ይፈሩት የነበረው ግን አካሉ ያበጠና ፊቱ የቀላ የጎረቤት ሬሳ ነበር።

መልካቸው ስለተቀራረበ ብቻ ሁለት ፍጥረታትን አንድ ማድረግም የተለመደ ነው። እኛ ደራጎንን የምናውቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ወድቆ በጦር ሲወጋ ነው። በአክሱም ትረካም ሕዝቡን ግብር ያስከፍል የነበረውን ዘንዶ፣ አርዌን፣ አንጋቦ ገድሎ ይነግሣል። ይህን ልማድ ይዘን ወደ ቻይና ስንሄድ ገዳይ ጀግና መፈለግ ይቀናናል፤ የቻይናው ሎንግ ግን የወንዝና የባሕር ጌታ፣ ዝናብ ሰጪ ነው፤ ድርቅ ሲጠና ገበሬው ይማጸነዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልብስ ያስጌጠውም እርሱ ነው። ለአገራችንም ቢሆን ጥንቃቄው ያስፈልጋል። እዚህ ጅማ በኦሮምኛ የሚተረከውን ቡልጉ፣ ሰው በላ ስለሆነ ብቻ፣ ጠባዩንና ድርጊቱን ከሌላ አካባቢ የጭራቅ ተረት ተውሶ መሙላት ተራኪውን ያላለውን ማስባል ነው።

አንዱን ቅጂ ብቸኛ እውነተኛ ማድረግ ሦስተኛው ስህተት ነው። በግሪኮች ተረት ያየችውን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገው ሜዱሳ ቆንጆ ልጃገረድ እንደነበረችና አቴና በተባለች የግሪኮች አምላክ ቁጣ ጸጉሯ ወደ እባብ እንደተለወጠ በስፋት ይጻፋል። ይህ የሮማዊው ኦቪድ አተራረክ ነው፤ ከእርሱ 700 ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረው ግሪካዊው ሄሲኦድ ግን ሜዱሳን ከባሕር አማልክት የተወለደች፣ ጎርጎኖች ከሚባሉት ሦስት አስፈሪ እህትማማቾች ሟች የሆነችው አድርጎ ያቀርባታል። የማን ቅጂ እንደሆነ በአንድ ሐረግ መጥቀስ ይበቃል።

አራተኛው ስህተት ተረቱን በአንድ ሳይንሳዊ ምክንያት ፈትቶ መዝጋት ነው። ኦቴንዮ አቤል የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ በ1914 የግሪኮችን ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ፍጥረት፣ ሳይክሎፕስን፣ በሜዲትራኒያን ደሴቶች ከተገኙ የድንክ ዝሆኖች የራስ ቅል ጋር አያይዞት ነበር፤ በቅሉ መካከል ያለው የኩምቢ ቀዳዳ በእርግጥም ዓይን ይመስላል። ግምቱ ማራኪ ቢሆንም እስካሁን ግምት ነው። ቢረጋገጥም እንኳ የሚነግረን የፍጥረቱን መልክ መነሻ ብቻ ነው፤ ተረቱ ለምን በየትውልዱ እንደተነገረ አይነግረንም። ጃፓናውያን ወላጆች በወንዝ ውስጥ ስለሚኖረውና አናቱ ላይ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ነገር ስላለው ካፓ ለልጆቻቸው ሲያወሩ፣ ልጁ ብቻውን ወደ ወንዝ እንዳይወርድ ያደርጋሉ፤ የአዌቱን የክረምት ሙላት የሚያውቅ የጅማ ወላጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሕፃናትን የምትገድለው ወርዝልያም በቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ውስጥ በጦር ተወግታ ትሞታለች፤ እናቶች የቅዱሱን ጸሎት በክታብ አስጽፈው ይይዙት ነበር። በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያም ላማሽቱ የምትባል ክፉ መንፈስ ከእናቶችና ከአራስ ልጆች እንድትርቅ ክታብ ይሠራ ነበር። ሁለቱን ያቀራረባቸው ልጅ የመቅበር ሐዘን ነው፤ እኔም እነዚህን ተረቶች ያለዚያ ሐዘን ማንበብ አልችልም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን በሕይወት ያለን ሰው የተረት ጭራቅ አድርጎ መጻፍ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ከጋብቻ፣ ከማዕድና ከማኅበር ተገልለው ኖረዋል። የገበሬውን ማረሻና የእመቤቲቱን ጀበና የሠራው እጅ ነው እንዲህ የተናቀው። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን፣ የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ሰምተው ጽፈዋል፤ ወሬው ዛሬም ይነገራል። አውሮፓም ከዚህ አልነጻችም፤ በ1589 ጀርመን ውስጥ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ፣ በሥቃይ ተናዞ፣ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገድሏል። ስለዚህ የቡዳን ወሬ የሚመዘግብ ሰው ማን በማን ላይ እንደሚያወራውና የተወራበት ወገን ምን እንደደረሰበት አብሮ ሊጽፍ ይገባል፤ የሰፈርና የቤተሰብ ስም መጥቀስ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። አንባቢን ለማስደንገጥ ሲባል የሚጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር የአንዲትን ሸክላ ሠሪ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሊለያት ይችላል።

የመጨረሻው ተራኪውን መርሳት ነው። ከሊሙ በባርነት ተወስዳ በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ፣ በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በትውስታዋ ይዛ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ጻፈቻቸው፤ ብዙዎቹም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት፣ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል። የእርሷን ስም ስለምናውቅ ተረቶቹ ከየትኛው አገርና ከማን አፍ እንደመጡ መናገር እንችላለን። ዛሬ የሚቀዳ ሰውም የተራኪውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ስማቸው እንዲጠቀስ ከወደዱ ይጻፍ፣ ካልወደዱ ቀበሌውና ግምታዊ ዕድሜያቸው ይበቃል። አድማጮች የመለሱትን፣ የሳቁበትንና ዝም ያሉበትን ቦታ ይመዝግብ። ትረካው በኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጎን ያስቀምጥ፤ ከማሳተሙም በፊት ለተራኪው ሙሉውን አንብቦላቸው፣ «እንዲህ አላልኩም» ያሉትን ሁሉ እዚያው ፊታቸው ያርም።