በአፉ ጎራሽ ጠመንጃ ለሚያድኑ፦ ባሩድና አፈሙዝ ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በአፉ ጎራሽ ጠመንጃ (ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ አፍ በኩል የሚጎረስበት) ብቻ የሚታደንበት የራሱ ወቅት አለ። ቨርጂኒያም ኮሎራዶም አላቸው። ስለዚህ ዘመናዊ ጠመንጃ የለመደ ሰው አንድ ቀን አፈ ሰፊ ጎራሽ ገዝቶ ቤቱ ይገባል። ባለቀለህ ጥይት ሲገዙ ባሩዱን የመዘነልዎት ፋብሪካው ነው። እዚህ ግን ፋብሪካው እርስዎ ነዎት። ስህተት ከተሠራ ደግሞ የሚፈነዳው ከጉንጭዎ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ «ጥቁር ባሩድ» ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድም በግራፋይት ስለሚለበጥ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። በዓይን አይለይም። ጥቁር ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፤ ጠጣር ቅሪት ሆኖ ይቀራል። ያ ሁሉ ነጭ ጭስና ጥላሸት ከዚያ የሚመጣ ነው። ጭስ አልባው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጋዝ ይሆናል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አቃጠሉ ይብስ ይፈጥናል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አፈሙዝ ይህን አይችልም።

«ትንሽ ጭስ አልባ ብቻ ደባልቅበት፣ አፈሙዙ ቶሎ አይቆሽሽም» የሚል ምክርም አይጠፋም። አይስሙት። ለጭስ አልባ ባሩድ ታስበው የተሠሩ ጥቂት ጎራሾች መኖራቸው እውነት ነው። አምራቹ በጽሑፍ ካላለ ግን የእርስዎ ከነሱ አንዱ አይደለም። ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ያለ ባሩድ በነጻ ቢሰጥዎትም ጠመንጃ ውስጥ አይገባም።

ግሬንን ከግራም፣ ስፍርን ከሚዛን ማምታታት

እኛ በግራም ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ እንሰናከላለን። የባሩድ መለኪያው ግሬን ነው። 1 ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ሲሆን 100 ግሬን 6.5 ግራም ብቻ ነው። ትናንሽ ዲጂታል ሚዛኖች ላይ ግራምና ግሬን የሚቀያየሩት በአንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ጣት ነካ ካደረገው ጉድ ፈላ። የድሮ እንግሊዞች መጻሕፍት ደግሞ በድራም ነው የሚናገሩት፤ 1 ድራም 27 ግሬን ከምናምን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ረቀቅ ይላል። እንደ ፓይሮዴክስ ያሉ ተተኪ ባሩዶች ከጥቁር ባሩድ ይቀላሉ፤ የሚለኩትም በክብደት ሳይሆን በስፍር ነው። በጥቁር ባሩድ መስፈሪያ «100» የሚሞላው ፓይሮዴክስ ሚዛን ላይ ቢወጣ 70 ግሬን አካባቢ ነው። «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» ብሎ 100 ግሬን በሚዛን የመዘነ ሰው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮበታል ማለት ነው። ጥንቃቄው ራሱ ነው የጎዳው።

ትሪፕል ሰቨን የሚባለው ተተኪ ባሩድ ደግሞ ኃይለኛ ነው። የጥቁር ባሩድን ያህል ፍጥነት ለማግኘት ስፍሩን በ15 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል ይላል አምራቹ። የባሩዱ ፍሬ መጠንም ለውጥ ያመጣል፤ የሚገለጸው በ«ኤፍ» ነው፣ ኤፉ ሲበዛ ፍሬው ይደቃል። ባለ 3 ኤፍ ከባለ 2 ኤፍ ስለሚደቅ በተመሳሳይ ስፍር የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። አፈ ሰፊ ጠመንጃ በተለምዶ የሚወደው ሻካራውን፣ ባለ 1 ኤፍና ባለ 2 ኤፉን ነው። ባለ 4 ኤፍ በባልጩት የሚተኮስ ጠመንጃ ላይ እሳት ማቀበያ እንጂ ዋና ጉርሻ አይደለም።

«አፉ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ይችላል» ማለት

ሰው የአፈሙዙን ጉድጓድ አይቶ «ይሄማ መድፍ ነው» ይላል። ሒሳቡ ግን ተቃራኒውን ይነግረናል። ግፊቱ ያው ሆኖ የውስጡ ስፋት እጥፍ ቢሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ ካልጨመረ፣ ብረቱን ለመቅደድ የሚታገለው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠባብ የነበረ አፈሙዝ ከውስጥ ተፍቆ እንዲሰፋ ከተደረገ በድሮው ስፍር መተኮስ አይገባም። በዚያ ላይ ክብ ጥይት ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 8 እጥፍ ነው። ከባድ ጥይት ቶሎ አይነሳም፤ እስኪነሳ ድረስ ግፊቱ ከኋላው ይከማቻል። «ጥቁር ባሩድ አፈሙዝ አይሰብርም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ሰብሮ ያውቃል።

የጥንቶቹ ትልልቅ ጠመንጃዎች ብዙ ባሩድ የቻሉት ክብደት ስለነበራቸው ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥና አዳኝ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና 62 (በፈረንጆች) ሰቲት ዳር፣ የእኛው ተከዜ ወደ ሱዳን ሲወርድ ማለት ነው፣ ዝሆን ሲያድን ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ጠመንጃውን «የመድፍ ልጅ» አሉት። 10 ድራም፣ ማለትም ወደ 18 ግራም ባሩድ ይጎርሳል፤ ጠመንጃው ራሱ ግን 9 ኪሎ ነበር። ያም ሆኖ ቤከር መተኮሱን ይፈራው ነበር። ያንን ስፍር ከመጽሐፍ አንብቦ 4 ኪሎ በሆነ ዘመናዊ ጎራሽ ልሞክረው ማለት እብደት ነው። የእርስዎ ጣሪያ የአፈሙዙ አምራች መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። ደግሞም አንድ ቦታ ካለፉ በኋላ የሚጨምሩት ባሩድ ርግጫና ጭስ እንጂ ፍጥነት ብዙም አይሰጥም።

ብረት ሁሉ አንድ ነው ማለት

የአፈሙዙን ብረት ዓይነት ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። በጎራሽ ዓለም ብዙ የሚያከራክረው 12ኤል14 የሚባለው ብረት ነው። ለመቆረጥና ለመሰርሰር እንዲመች ከ0.15 እስከ 0.35 በመቶ እርሳስ፣ ከዚያም ብዙ ድኝ አለበት። ድኙ ብረቱ ውስጥ ቀጫጭን ክር እየሠራ በአፈሙዙ ርዝመት ይዘረጋል። የባሩዱ ግፊት አፈሙዙን የሚቀድደው ደግሞ በርዝመቱ ነው። ግንድ በርዝመቱ ሲፈለጥ እንደሚቀለው ማለት ነው። በብርድ ደግሞ ይሰባበራል፤ የአደን ወቅቱ ደግሞ በብርድ ነው።

ከዚህ ብረት የተሠሩ ብዙ አፈሙዞች በልክ ተጎርሰው ዓመታት አገልግለዋል። ይህን መካድ አይቻልም። እኔ ግን አፈ ሰፊና ብዙ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ የምገዛ ቢሆን፣ በአግባቡ በሙቀት የታከመ 4140ን የመሰለ ክሮም ሞሊብዲነም ብረት መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። «ጥሩ ብረት ነው» መልስ አይደለም። በእንግሊዝ የለንደንና የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤቶች አፈሙዝን ከመደበኛው በላይ በሆነ ጉርሻ ፈትነው ማኅተም ይመቱበታል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ሕግ የለም። ስለዚህ መጠየቁ የገዢው ሥራ ነው። የብረት ቧንቧ ቆርጦ አፈሙዝ ማድረግ ግን ጭራሽ ወሬውም አይነሳ።

ጥይቱን መንገድ ላይ ማስቀረት

ምርጥ ብረትም ከዚህ አያድንም። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ሳይቀመጥ መሃል ላይ ከቆመ ጋዙ ፍጥነት ይዞ መጥቶ ይጋጨዋል፤ አፈሙዙ እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ጥላሸት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ጥይቱ የሚገፋበት ዘንግ ሲከብድ እጅ ይሰማዋል። ያኔ በኃይል ከመግፋት በፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

መፍትሔው የአንድ ብር ሥራ ነው። ዘንጉን ባዶ አፈሙዝ ውስጥ እስከ ግርጌው ይክተቱና አፉ ጋ ምልክት ያድርጉበት። በመደበኛው ጉርሻዎ ሌላ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ራሱ ይነግርዎታል። ሁለተኛው ምልክት ከአፉ በላይ ከቆመ ጥይቱ አልተቀመጠም፣ ወይም ሁለቴ ጎርሷል።

መንታ አፈሙዝ ያለው ከሆነ አንዱ ሲተኮስ ርግጫው የሌላውን ጥይት ወደ ፊት ሊያንሸራትተው ይችላል። አንዱን ተኩሰው ሌላውን ሳይተኩሱ ከቀሩ በዘንጉ ይፈትሹት፤ ከመፈተሽዎ በፊት ግን እሳት ሰጪዋን ቆብ ያውልቁ።

ሁለቴ ማጉረስ

ዝነኛው እንግሊዛዊ አዳኝ ፍሬድሪክ ሰሉስ በ1870ዎቹ በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል በባለ 4 ቦር (ጥይቱ ሩብ ፓውንድ ገደማ በሚመዝን) ጎራሽ ዝሆን ሲያድን ጠመንጃው ከሸፈ። ተሸካሚው ሳያውቅ በላዩ ላይ ሌላ ባሩድ ጨመረበት። ሰሉስ ሲተኩስ መሬት ላይ ተዘረረ፤ ሰደፉም ተሰባበረ። ሲያጎርሱ ወሬ አያውሩ፤ ወሬ ካቋረጠዎት በዘንጉ ለክተው ይጀምሩ።

ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ባሩዱንም ከባሩድ መያዣው ቀንድ ወይም ከቆርቆሮው በቀጥታ ወደ አፈሙዙ አይቅዱ። ውስጡ የቀረች ፍም ብትኖር እጅዎ ላይ የሚፈነዳው መስፈሪያው ላይ ያለው ብቻ ሳይሆን ቆርቆሮው በሙሉ ነው።

ሳያጥቡ ማሳደር

ቅሪቱ እርጥበት ይስባል፤ ብረት ይበላል። ማታውኑ በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባ። አሮጌ ጎራሽ ሲገዙ ብዙ ጊዜ የሚበላው ግርጌው ነው፤ ከአፉ በኩል ባትሪ አብርተው ቢያዩ አይታይም። ጠመንጃ ጠጋኝ የግርጌውን ቡሎን ፈትቶ እስኪያየው ድረስ አይተኩሱበት።