ከአንድ «ቱዩዩ» ተነሱ

በኮምፒውተር ሙዚቃ ልሥራ ብዬ የተነሳሁ ሰሞን፣ ወራት ያባከንኩት ፕሮግራም በማውረድ ነው። ፕለጊን (የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እሰበስባለሁ፣ ቪዲዮ አያለሁ፤ የሠራሁት ሙዚቃ ግን ዜሮ። ነገሩ የገባኝ ሁሉንም ትቼ ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ድምፅ የሠራሁ ቀን ነው። እናንተንም እዚያው ልውሰዳችሁ።

ፒዩር ዳታን አውርዱ። ሚለር ፐኬት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጻፈው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ላይ ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ አልዋሻችሁም።

አዲስ ገጽ ክፈቱ። ኮንትሮልና 1 ስትጫኑ (ማክ ላይ ኮማንድ ነው) ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። ውስጧ በላቲን ፊደል ኦ፣ ኤስ፣ ሲ ጻፉና ~ን ለጥፉበት፤ ከዚያ ክፍተት ትታችሁ 440። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አመንጪ ሠራችሁ። ሁለተኛ ሳጥን፦ *~ 0.05። ሦስተኛ፦ ዲ፣ ኤ፣ ሲ እና ~፤ ድምፁን ወደ ስፒከር የምትልከው እሷ ናት። ከላይ ወደ ታች በመስመር አገናኟቸው። የመጨረሻዋ የግራና የቀኝ ሁለት መግቢያ አላት፤ ሁለቱም ላይ ሰኩ። ኮንትሮልና / ስትጫኑ «ቱዩዩ» ይላል። ማጥፊያው ኮንትሮልና ነጥብ ነው።

የመሃሏን ሳጥን እንዳትዘሏት። ድምፁን በ0.05 እያባዛች ወደ አንድ ሃያኛ የምታሳንሰው እሷ ናት። እኔ ዘልያት ነበር፣ ያውም ኢርፎን ሰክቼ። ጆሮዬ ሲጮህ አደረ።

አሁን ጨዋታው ይጀምር። የላይኛዋን ሳጥን ኮፒ አድርጉ፣ 440ን 442 በሉትና ወደዚያችው ማባዣ አገናኙ። ሁለት ድምፅ አትሰሙም። አንድ ድምፅ በሴኮንድ ሁለቴ ጎላ ደከም እያለ ይመጣል፤ የሁለቱ ልዩነት 2 ስለሆነ። 441 ስታደርጉት ይረጋጋል፤ 450 ላይ ይንቀጠቀጣል። 660 ስታስገቡ ደግሞ ድንገት ዜማ ዜማ ይሸታል፤ 3 ለ 2 ሆኑ ማለት ነው። አንድ ሙሉ ምሽት እዚህ ጋ ተቀምጬ ቁጥር ስቀያይር አምሽቻለሁ።

ችግሩ፣ ድምፁ ማለቂያ የለውም። ኖታ እንዲሆን መነሻና መድረሻ ያስፈልገዋል። ከ0.05ዋ በታች ቁጥር የሌላት *~ ጨምሩና መስመሩን በእሷ በኩል ወደ ስፒከር አሳልፉ፤ የድሮውን ቀጥተኛ መስመር አጥፉት። ሌላ ሳጥን ውስጥ ቪ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ እና ~ ጻፉና ከአዲሷ ማባዣ የቀኝ መግቢያ ጋር አገናኟት። ቁጥር አይኑርባት ያልኩት በምክንያት ነው፦ ቁጥር ካለባት በቀኝ በኩል የድምፅ ሲግናል አትቀበልም። ይህን ሳላውቅ አንድ ሌሊት ከስህተት መልእክት ጋር ስጨቃጨቅ ነጋ።

በኮንትሮልና 2 የመልእክት ሳጥን አምጡና 1 20, 0 500 20 ብላችሁ ከቪ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ ሳጥን የላይ መግቢያ ጋር አገናኟት። በኮንትሮልና ኢ ከማረሚያው (ሳጥን ከምትሠሩበትና ከምታገናኙበት ሁኔታ) ውጡና መልእክቷን ጠቅ አድርጉ። ድምፁ በ20 ሚሊሴኮንድ ይነሳል፣ ከዚያ በ500 እየከሰመ ይጠፋል፤ ክር የተመታ ይመስላል። ሁለቱንም 20ዎች 300 አድርጓቸውና ስሙ። ያው 440 ነው፤ አሁን ግን በቀስታ የሚነፋ ነገር ሆኗል።

ሳጥን በሳጥን እያገናኙ ድምፅ መሥራት የቆየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ በኮምፒውተር ድምፅ የሚያመነጭ ፕሮግራም የጻፈው ማክስ ማቲውስ ነው በዚህ መንገድ ያስጀመረው። ከዚህ በኋላ የፈለጋችሁትን ዝግጁ ሲንተሳይዘር (ድምፅ አመንጪ ፕሮግራም) ክፈቱ። «አታክ» የሚለው ቁልፍ ያቺ 20 ናት፤ «ዲኬይ» የሚለው ደግሞ 500ዋ።