የኢየሩሳሌሙን ጉባኤ ለማስጠናት እንዴት እንደሚዘጋጁ

ተራችሁ ደርሶ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን አስጠኑ ተባላችሁ እንበል። ቀላል ይመስላል። አሕዛብ መገረዝ አለባቸው ወይስ የለባቸውም ተብሎ ክርክር ተነሳ፣ የለባቸውም ተባለ፣ በቃ፣ ሻይ ይቅረብ። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። የሳሎን ጥናት ነው፣ ቢበዛ አሥር ሰው። "ጳውሎስ ግዝረትን ጨርሶ አስቀረ" ብዬ በሙሉ ድምፅ ስናገር ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና አሉና፣ "ልጄ፣ ታዲያ ጢሞቴዎስን ማን ገረዘው?" አሉኝ። ምዕራፍ 16 ቁጥር 3። ከጉባኤው ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ! ገጹን እንኳ አልገለጥኩትም ነበር። እንደዛ ከመዋረድ የሚያድነው አዘገጃጀት ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ካርታውን በእጃችሁ ሳሉት

አንድ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ላይ ያለውን ካርታ እኔ አልወደውም፤ የጳውሎስን ጉዞዎች ሁሉ በተለያየ ቀለም አንድ ገጽ ላይ ስለሚያጭቃቸው መስመሩ እንደተዘባረቀ ክር ይሆናል። እናንተ ጳውሎስና በርናባስ አብረው የሄዱበትን የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ሳሉ። ከሶርያዋ አንጾኪያ ወደ ሴሌውቅያ ወደብ፣ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ፣ ደሴቲቱን ከስልማና እስከ ጳፉ ማቋረጥ፣ ከዚያ ጰርጌን (ማርቆስ ትቷቸው የተመለሰው እዚህ ነው)፣ ከዚያ ተራራውን ወጥቶ የጲስድያዋ አንጾኪያ፣ ኢቆንዮን፣ ልስጥራን፣ ደርቤን።

አንጾኪያ ሁለት መሆኗን አስተዋላችሁ? አንዷ የላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ከተማ ናት፣ የዛሬዋ አንታክያ። ሌላዋ ፍርስራሿ ያልቫች የምትባል ከተማ አጠገብ ነው ያለው። ሁለቱም ዛሬ ቱርክ ውስጥ ስለሆኑ ስልክ ላይ ስትፈልጉ ይበልጥ ትምታታላችሁ። በተለያየ ቀለም ክበቧቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ካልሳላችሁት አይታያችሁም። ደርቤን ሲደርሱ ወደ ምሥራቅ ቢቀጥሉ የጳውሎስ የትውልድ አገር ጠርሴስ አለች፣ ከዚያም አንጾኪያ። እነሱ ግን በመጡበት ዞረው፣ ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ ሞቷል ተብሎ ወደተጣለባት ልስጥራን ተመለሱ።

ምዕራፍ 13ና 14ን በአንድ ቁጭታ አንብቡ

ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በየከተማው ከምኩራብ መጀመራቸውንና ምኩራብ ውስጥም እግዚአብሔርን የሚፈሩ አሕዛብ መኖራቸውን ብቻ ምልክት አድርጉ፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከነዚህ ሰዎች ነው። ልስጥራን ላይ በርናባስን "ድያ" ጳውሎስን "ሄርሜን" ሲሏቸው ድያ ማነው የሚል ሰው አይጠፋም። የግሪኮቹ ዜውስ ነው።

አሁን አስቸጋሪው፦ ገላትያ 2ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ሉቃስ እስከ ጉባኤው ድረስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ የሚልባቸውን ቦታዎች ጻፉ፦ ምዕራፍ 9፣ ከዚያ ምዕራፍ 11 መጨረሻ (ለረሃቡ እርዳታ ይዘው ከበርናባስ ጋር)፣ ከዚያ ምዕራፍ 15። በቀኝ ደግሞ ጳውሎስ ራሱ በገላትያ የሚናገረውን፦ ከ3 ዓመት በኋላ አንዴ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ከበርናባስና ከቲቶ ጋር አንዴ።

ግራው ሦስት ነው፣ ቀኙ ሁለት። ታዲያ የገላትያ 2 ጉዞ የትኛው ነው?

እኔ መጀመሪያ "ምዕራፍ 15 ነው" ብዬ አልፌው ነበር፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ይላል፣ ምክንያቱም ሰዎቹም ርዕሱም አንድ ናቸው። ግን ጳውሎስ ለዋነኞቹ ለብቻቸው አስረዳኋቸው ይላል፤ በሉቃስ ደግሞ ትልቅ ስብሰባ ነው። ከሁሉም የሚገርመው፣ ጉባኤው የጻፈውን ደብዳቤ ገላትያ ውስጥ አንዴም አያነሳውም። ስለ ግዝረት እየተከራከረ፣ ሐዋርያት ራሳቸው የፈረሙለትን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል? ስለዚህ ሌሎች የምዕራፍ 11ዱ ጉዞ ነው፣ ገላትያም ከጉባኤው በፊት ተጽፏል ይላሉ። እኔ አሁን ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፣ ግን ቡድኑ ፊት እንደ ተቆረጠ ነገር አታቅርቡት። ሁለቱንም አሳዩና ይከራከሩ።

ዓመተ ምሕረት የሚጠይቅ ካለ፣ መነሻው ጋልዮስ ነው። ግሪክ አገር ዴልፊ ላይ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ስሙን ስለሚጠቅስ፣ ቆሮንቶስ ባለችበት በሮማ ግዛት በአካይያ ገዥ የነበረው በ51 እና በ52 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ይታወቃል (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ምዕራፍ 18 ላይ ጳውሎስን እሱ ፊት አቁመውታል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጉባኤው 48 ወይም 49 ላይ ይወድቃል።

ሁለቱን ጥያቄዎች ለዩ

የኔ ዋና ስህተት ይሄ ነበር። ጠቡ አንድ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ አሕዛብ ለመዳን መገረዝ አለባቸው ወይ? ሁለተኛው፣ ያልተገረዘ ሰውና አይሁዳዊ አማኝ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ ወይ? በሶርያዋ አንጾኪያ ጴጥሮስን ጳውሎስ ፊት ለፊት የተቃወመው (ገላትያ 2) በሁለተኛው ነው፤ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ተለየ። በርናባስ እንኳ፣ ያን ሁሉ መንገድ አብሮት የሄደው በርናባስ፣ ከነሱ ጋር ተሳበ።

አሁን የደብዳቤውን አራት ነገሮች እንደገና አንብቡ፦ ለጣዖት የተሠዋ፣ ደም፣ የታነቀ፣ ዝሙት። ሦስቱ የሚበላ ናቸው። ግዝረቱ ቀርቶላቸዋል፣ ማዕዱ ግን እንዳይፈርስ ይህን ጠብቁ ነው ነገሩ። ዘሌዋውያን 17ና 18ን ብታዩ በእስራኤል መካከል ለሚኖር እንግዳ የተሰጡ ተቀራራቢ ትእዛዞች ታገኛላችሁ። ይህን ካነበባችሁ ግማሹ ቤት "አሃ" ይላል።

ቲቶና ጢሞቴዎስ

ጥግ ላይ የተቀመጡትን እናት አስታውሱ። ቲቶ የግሪክ ሰው ነው፣ "ካልተገረዝክ አትድንም" ለሚሉ ሰዎች ጳውሎስ እሺ አላለም። ጢሞቴዎስ ግን እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ የግሪክ ሰው ነው፤ በዚያ አገር ላሉት አይሁድ ሲል ገረዘው። ያኔ የመዳን ጥያቄ የለበትም። ሁለቱን አንድ ላይ አዘጋጁ፣ ሳይጠየቅ አያልፍም።

"እኛስ ለምን እንገረዛለን?" የሚልም ይመጣል። ለዚህ አፄ ገላውዴዎስን ያዙ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያውያንን የአይሁድ ሥርዓት ትከተላላችሁ ብለው ሲከሱ፣ ንጉሡ በ1555 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ የጳውሎስን ቃል ጠቅሰው፣ ግዝረቱ እንደ አይሁድ ሳይሆን የአገር ልማድ ነው፣ ፊትን እንደ መብጣትና ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ብለው መልሰዋል።

የቀረው ግልጽ ነው። ጥቅሶቹን ቀድማችሁ ለአንባቢ አከፋፍሉ፣ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት የተለያዩበትን የምዕራፉን መጨረሻ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፉት። እኔ አንዴ "በአምስት ደቂቃ እንጨርሰው" ብዬ ከፍቼው፣ ሰው ሁሉ የራሱን ማርቆስ እያነሳ መሽቶብናል።