በውቅያኖስ ዳር ቤት ተከራይቶ ማረፍ፦ ከጅማ እስከ ማሊንዲ እንዴት ይታቀዳል?

ጅማ ላይ ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣውን ቆሮሶ ነው። ጥብሱን በሚጥሚጣ እንወደዋለን። የውቅያኖስ ዓሣ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ አምስት ሆነን ኬንያ ጠረፍ ላይ ወዳለችው ማሊንዲ ስንሄድ የሆቴሉ ዋጋ ስላልተቀመሰልን ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራየን። አሁን ብደግመው እንዲህ ነው የማደርገው። አብዛኛው ሰው ቤቱን በፎቶ ወዶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው ስለ ባህሩ የሚጠይቀው፤ እናንተ ከባህሩ ጀምሩ።

መጀመሪያ ወሩን ቁረጡ። ልጆች ትምህርት ስለሚዘጉ ሐምሌና ነሐሴ ይቀናናል። ያን ጊዜ ግን እዚያ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባህሩ ይናወጣል፣ ትናንሾቹ ጀልባዎች እንደልብ አይወጡም፣ ዓሣውም ያንሳል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አካባቢ ደግሞ ከባዱ ዝናብ ነው። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ሙቀቱ ቢበረታም ከሁሉም ይሻላል። ከዚህ ውስጥ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንታት ኪራይ የሚሰቀልባቸው ናቸው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል የእነሱ ግርግር አልፏል፤ ከጥምቀት በኋላ ብትሄዱ ደግሞ ለመደራደርም ይመቻል።

ቀጥሎ የትኛው ዳርቻ? ከማሊንዲ በስተሰሜን ሳባኪ ወንዝ ባህር ይገባል፤ ዝናብ ሲሆን ልክ ጊቤ በክረምት እንደሚደፈርሰው ውሃውን ያቀላዋል። ጥርት ያለ ውሃና ነጭ አሸዋ ለሚፈልግ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ዋታሙ ትመረጣለች፤ ለገበያና ለዓሣ ግን ማሊንዲ። እኛ ማሊንዲ አድረን ለዋና ዋታሙ ሄድን፤ አልቆጨንም። እግረ መንገዳችሁን የጌዲን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ እዩ፤ በ2024 በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

አከራያችን «ባህሩ ደጃፋችሁ ላይ ነው» ብሎን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ልጆቹ ፎጣቸውን ይዘው ሲሮጡ ባህሩ የለም። እርጥብ አሸዋ፣ የባህር አረም፣ ጎኗን ተደግፋ የተኛች ጀልባ ብቻ። ትንሿ ልጄ «ማን ቀዳው?» አለች። ያኔ ነው ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል የገባኝ። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ይሰፋል። የሙላቱ ሰዓት በኢንተርኔት አስቀድሞ ስለሚገኝ፣ የምትሄዱበትን ሳምንት አይታችሁ ልጆቹ የሚዋኙበትን ጊዜ በዚያ አስሉ።

አሁን ቤቱ። በፎቶ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ። አከራዩ በቪዲዮ ደውሎ ከበሩ እስከ ውሃው ድረስ እየተራመደ ያሳያችሁ። ቧንቧውን ይክፈት፤ ሮቶ እንዳለ፣ ውሃው ጨዋማ እንዳልሆነ፣ ፍሪጁ እንደሚያቀዘቅዝ ጠይቁ። ከጅማ አየር ለሚመጣ ሰው ፋን ወይም ኤሲ የግድ ነው። ወባ ስላለ በየአልጋው አጎበር ይኑር። የእነሱ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አዳፕተር ያዙ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ አረጋግጡ። ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ስዋሂሊ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ዓሣ አጥማጁ «ሳአ ሞጃ» ካላችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አከራዩ በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ ግን ስድስት ሰዓት ጨምሩበት ወይም ቀንሱለት።

መንገዱ ቀላል ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአየር መንገዳችን ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። ዕቃ በፌስታል አታስሩ፤ ኬንያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች።

ዓሣውን ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ በጠዋት ግዙ። ዓይኑ ወጣ ያለና ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ ይሁን። እኛ ቀን 8 ሰዓት ላይ ርካሽ ነው ብለን የገዛነው ማታ አልበላም አለ፤ ጅማ ላይ የሚያስኬደው እዚያ አያስኬድም። በረዶ የያዘ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦክቶፐስ ክንፍና ቅርፊት ስለሌላቸው ብዙ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ አይበላቸውም። አብራችሁ የምትሄዱት ጎረቤታሞች ከሆናችሁ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩና ለማይበሉት አንድ መጥበሻ ለይታችሁ ያዙ። ረመዳን ከሆነ ቀን የሚከፈት ምግብ ቤት ስለሚያንስ የራስ ወጥ ቤት ያኔ ይጠቅማል።

ሳማኪ ዋ ኩፓካ የሚሉትን በኮኮናት የሚጠበስ ዓሣ ሳትሠሩ አትመለሱ። ዓሣውን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በሎሚና በጨው አሽታችሁ ከሰል ላይ ጥበሱት፤ የኮኮናት ወተት ከእርድና ከቃሪያ ጋር እስኪወፍር አፍሉና እየገለበጣችሁ ቀቡት። እኛ በመጨረሻው ላይ ከቤት የያዝነውን በርበሬ ትንሽ ነሰነስንበት። አጥንቱንና አንጀቱን ግን ለነገ አታሳድሩ፤ በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ቤቱን ያገማዋል፣ ጠዋት ቁልፍ ስትመልሱም አከራዩ ማስያዣችሁን የሚይዝበት ሰበብ ያገኛል።