ተዳፋት ግቢ ላይ ግሪንሃውስ ስትሰሩ ሙቀቱን የሚያበላሹ ስህተቶች

አራት ኪሎም ሆነ ቀበና ወንዝ ዳር ግቢያችሁ ቁልቁል ከሆነ ይሄን ሳታነቡ ላስቲክ አትግዙ። ተዳፋት ላይ አየሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ማታ የቀዘቀዘው እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ቀን የሞቀው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል።

አንደኛው ስህተት ግቢው መጨረሻ ላይ መስራት ነው። ወንዙ ጋ ያለችው ሜዳ ቦታ ለስራ ስለምትመች ሁሉም እዛ ይተክላል፣ ግን ህዳርና ታህሳስ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊት ከላይ የሚወርደው ብርድ የሚተኛው እዛው ነው፣ በተለይ የታችኛው አጥር ድፍን ግንብ ወይ ቆርቆሮ ከሆነ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ከቻላችሁ ተዳፋቱ መሃል ላይ ስሩ፣ ካልሆነም ከአጥሩ ስር ክፍተት ተዉለት።

ሁለተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው፣ የታችኛውን በር ብቻ ከፍቶ አየር ገባ ማለት። ሙቀቱ እኮ ላይኛው ጫፍ ጣሪያው ስር ነው የሚታፈነው! ታችኛው ረድፍ ደህና ሆኖ የላይኛው ቲማቲም አበባው ደርቆ ሲረግፍ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል፣ ቲማቲም ግን ቀን ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ከቆየበት አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። መግቢያውን ታች፣ መውጫውን ላይ ጣሪያው ጥግ አድርጉት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ደግሞ ሁለቱንም ዝጉ።

ላስቲክ ካለበሱት ሌሊት አይበርድም ማለትም ስህተት ነው። ተራ ላስቲክ ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ያሳልፈዋል፣ ጥርት ባለ ሌሊት ውስጡ ከውጪው ብዙም አይሻልም፣ አንዳንዴ እንደውም ይብሳል። ጥቁር በርሜል ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ታችኛው ጫፍ ላይ ደርድሩ፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ላስቲኩን ድርብ ማድረግም ይረዳል።

የአውሮፓ ቪዲዮ አይቶ የግድ ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት መፈለግ ደሞ ለኛ አይሰራም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች፣ ሰኔ ላይ እኩለ ቀን እንደውም ወደ ሰሜን ትላለች። ይልቅ ጎረቤት ያለው ፎቅ የጠዋት ፀሐይ ይከልላችሁ እንደሆነ እዩ።

ቴርሞሜትር ደግሞ አንድ ብቻ በሩ ላይ ፀሐይ ላይ አይሰቀልም። ሁለት ግዙ፣ አንዱን ላይ አንዱን ታች፣ ተክሉ ቁመት ላይ ጥላ አድርጋችሁለት፣ ከዛ ንጋት 12 ሰዓት ላይና ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ አንብቡት።