ኮሌጅ የሶፍትቦል ካምፕ ለምትሄጂ እህቴ

ኮሌጅ ባዘጋጀው የሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ) ካምፕ ሁለት ጊዜ በካቸርነት፣ ማለትም ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳስ በምትቀበል ተጫዋችነት፣ ተሳትፌያለሁ። መጀመሪያ ሐሳቤ ሁሉ ኳሷን አርቆ መምታት ላይ ነበር፤ አሰልጣኞቹ ግን ኳስ ሲያመልጠን ምን እንደምንሆን ነበር የሚያዩት። ስትሳሳቺ አንገትሽን አትድፊ፤ ቶሎ ቦታሽን ያዢና ቀጣዩን ኳስ ጠይቂ። ከልምምድ ወደ ልምምድ ስትሸጋገሪም ሩጪ።

ካቸር ከሆንሽ ይህን ልብ በይ። በቤዞች (ሯጮች በሚደርሱባቸው ማረፊያዎች) መካከል ያለው ርቀት 60 ጫማ ነው፤ ፈጣን ሯጭ በ3 ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። ከመጀመሪያው ቤዝ ወደ ሁለተኛው የምትሮጠውን ለማስወጣት ያንቺ ውርወራ ደግሞ እስከ ሁለተኛው ቤዝ 85 ጫማ ያህል መጓዝ አለበት። ክንድ ብቻውን አይበቃም። እኔን ያሻሻለኝ ኳሷን ከጓንት ቶሎ ማውጣት ነው፤ ተንበርክኬ በየቀኑ 50 ጊዜ እለማመድ ነበር።

ትምህርትሽን አደራ! በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም በከፍተኛው የውድድር ደረጃ፣ ለመጫወት 16 የሁለተኛ ደረጃ ዋና ኮርሶችና በእነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት (ከ4.0) ያስፈልጋል። ዲቪዚዮን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የዲቪዚዮን አንድ አሰልጣኞች ስለ ምልመላ የሚያነጋግሩሽ ከ11ኛ ክፍል ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ዝም ቢሉሽ አትዘኚ።

የተሰጠሽን እርማት በዚያው ምሽት ጻፊው። እኔ ሳልጽፍ አድሬ ግማሹ ጠፍቶብኛል።