ለፎቶ ሥራ ራም ከመግዛትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ባሕር ዳር የሠርግ ከተማ ናት። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ይቆማሉ፣ ፎቶ አንሺው ፀሐይዋ ውኃው ላይ ዝቅ እስክትል ይጠብቃል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ካርዱ ላይ አንድ ሺህ ፎቶ ይዞ ነው። ፎቶሾፕን ከፍቶ ሦስተኛው ሌየር (ፎቶው ላይ የሚደረብ ንብርብር) ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። በማግስቱ «ራም ጨምርልኝ» ብሎ ወደ እኔ ይመጣል፤ ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን እንዲህ በድካም የተገኘ ገንዘብ በማይሆን ዕቃ ላይ ሲፈስ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ስለዚህ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገርዎት።

ችግሩን ሳይለዩ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው በራም ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዲስኩም ፕሮሰሰሩም ያዘገዩታል። ለመለየት ደግሞ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ፎቶሾፕ ውስጥ ፎቶ ከፍተው ከመስኮቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀስት ይጫኑና «ኢፊሸንሲ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ እንደ ወትሮው እየሠሩ ቁጥሩን ይከታተሉ። 100 ፐርሰንት ላይ ከቆየ ራሙ በቅቶታል፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ከ100 እየወረደ ከሄደ ግን ፎቶሾፕ ራም አልበቃው ብሎ ሥራውን ወደ ዲስክ እየገለበጠ ነው ማለት ነው። ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መጠበቁ ያሰለቻል።

ራም ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ በቁጥር ቢያዩት ይገባዎታል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ 6000 በ4000 ነው። ጄፔጉ ካርዱ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ቢመስልም ሲከፈት ይዘረጋል፦ በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት 72 ሜጋባይት፣ ይበልጥ ዝርዝር በሚይዘው በ16 ቢት 144 ሜጋባይት። ሌየሩን ባባዙ ቁጥር ይህ ይደመራል፤ ወደኋላ ለመመለስ የሚቀመጠው ታሪክም ቦታ ይይዛል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ወይም ጣናን ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ በሰፊው ለማሳየት ካሜራውን አቁመው ስምንት ፎቶ ቢያነሱና እያንዳንዱን በሲሶ ገደማ እያደራረቡ ቢያገጣጥሙ፣ ውጤቱ በ16 ቢት አንድ ሌየር ብቻውን ከ800 ሜጋባይት ያልፋል። ለአሁኑ ፎቶሾፕ 8 ጂቢ ዝቅተኛው መስፈርት ሲሆን የሚመከረው 16 ጂቢና ከዚያ በላይ ነው። የሠርግ ፎቶ ብቻ ለሚያርም ሰው 16 ይበቃዋል እላለሁ፤ ፎቶ ለሚያገጣጥም ወይም ትልልቅ ባነር ለሚሠራ 32 አይበዛበትም።

አንድ ልጅ ላይትሩም (ብዙ ፎቶ የሚታረምበት ፕሮግራም) የታረሙትን ፎቶዎች ለማውጣት ዘገየብኝ ብሎ ራም ሊገዛ ሲነሳ አብረን ታስክ ማናጀርን (ራሙና ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተን አየን። ከራሙ ግማሹ ባዶ ነበር፤ መቶ ፐርሰንት የተያዘው ፕሮሰሰሩ ነው። ራም ቢጨምር ኖሮ አንዲት ደቂቃ እንኳ አያተርፍም ነበር።

«8 ጂቢ ራም ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ

ሻጩ 8 ጂቢ ይሰጥዎታል፤ የእርስዎ ኮምፒውተር የሚቀበለው መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የራም ትውልዶች የሆኑት ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከታች በወርቃማዎቹ ጥርሶች መካከል የተቆረጠችው ክፍተት ቦታዋ የተለያየ ነው፤ የተለየውም ሆን ተብሎ፣ ሰው እንዳይሳሳት ነው። የላፕቶፑ ደግሞ ከዴስክቶፑ ያጥራል።

ሠርግ የሚያነሳ ወዳጄ እንዲሁ በቃል ጠይቆ ገዛ። ላፕቶፑ ዲዲአር4 ነበር፣ የተሰጠው ዲዲአር3። አልገባ ሲለው ያልተጫነ መስሎት በአውራ ጣቱ ገፋው። ሳየው የማስገቢያው አንድ ጎን ተሰንጥቋል፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችም ወደ ውስጥ ተጣጥፈዋል። ራሙን ሻጩ አልመልስም አለ፤ ማስገቢያውም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ራም በትክክለኛው ቦታው ላይ ሲሆን ጉልበት የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ አልሄድም ካለዎት ያውጡትና እንደገና ይመልከቱት።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ኬዙን ይክፈቱ፣ ያለውን ራም አውጥተው የጽሑፉን ፎቶ በስልክዎ ያንሱና ይዘውት ይሂዱ። ጽሑፉ ላይ ፒሲ3 ካለ ዲዲአር3፣ ፒሲ4 ካለ ዲዲአር4 ነው። ፒሲ3ኤል የሚል ከሆነ በ1.35 ቮልት የሚሠራው ነው፤ እሱን ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች ስላሉ በ1.5 ቮልቱ አይተኩት። ያገለገለ ከሆነ የሚገዙት አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የሰርቨር ራም ርካሽ ሆኖ ይሸጣል፣ መልኩም ያው ነው፤ በተለመደው የቤት ዴስክቶፕ ግን አይሠራም። ከፍጥነቱ ቁጥር ኋላ «ዩ» ያለበትን እንጂ «አር» ያለበትን አይውሰዱ።

ማስገቢያውን ሳያዩ መግዛት

ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ቢሉ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርዎታል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ስለሆነ ምንም መጨመር አይቻልም። ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ ሁለት እኩል ራም ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል። አራት ማስገቢያ ባለው ዴስክቶፕ ሁለቱ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራም አብረው ቢሠሩ እንኳ የሚሄዱት በዘገምተኛው ፍጥነት ነው፤ ለፈጣኑ የከፈሉት ትርፍ ገንዘብ ባከነ ማለት ነው። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ አያይም፤ መጀመሪያ እሱን ወደ 64 ቢት ይቀይሩ።

መብራት ጠፍቷል ብሎ ሶኬቱን ሳይነቅሉ መክፈት

ይህን ስህተት ደጋግሜ ስለምሰማው አጥብቄ እናገራለሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለሚቆም ብዙ ሰው «አሁን ልክፈተው» ይላል። እጅዎ ማዘርቦርዱ ላይ እያለ መብራቱ ከመጣስ? ሶኬት ላይ የተሰካ ዴስክቶፕ ጠፍቶም ቢሆን ወደ ማዘርቦርዱ ጥቂት ኃይል ይልካል፤ በዚያ መሐል ራም መንቀል ራሙንም ቦርዱንም ሊያቃጥል ይችላል። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም ይለያዩ፤ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ያፍስሱ። ምንጣፍ ላይ አይቀመጡ፤ ራሙን ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ።

ሲያስገቡ ሁለቱ ጫፎች «ቀጭ» እስኪሉ ይጫኑ። አንዱ ብቻ ቀጭ ካለ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ወይም እየደጋገመ ይጮኻል። ያን ጊዜ ራሙ ተበላሸ ብለው ወደ ሻጩ አይሩጡ፤ አውጥተው፣ የወርቃማውን ጥርስ አቧራ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርገው መልሰው ያስገቡት። ዲዲአር5 ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ አያጥፉት፣ ይጠብቁት።

ሳይፈትሹ ሥራ መጀመር

ጉድለት ያለበት ራም ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ አያጠፋውም። አንዳንዴ የሚያበላሸው በመቀመጥ ላይ ያለውን ፎቶ ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። የሙሽራ ፎቶ ደግሞ ዳግም አይነሳም። ስለዚህ ሻጩ የመመለሻ ቀን ሰጥቶዎት ከሆነ በዚያው ሳምንት ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስተው ሌሊቱን ያሳድሩት። መብራቱ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ቀን ቀንም ይሆናል፣ ዋናው አንድ ዙር ሙሉ መጨረሱ ነው። አንድ ስህተት እንኳ በቀይ ከታየ ራሙ ይመለስ።

ፎቶሾፕ ውስጥም የሜሞሪውን መጠን እስከ ጥግ አይሳቡት። ዊንዶውሱና ብራውዘሩም የራሳቸውን ድርሻ ይፈልጋሉ፤ ከ70 እስከ 80 ፐርሰንት ላይ ቢተዉት ይበቃል። ከዚያ ያንኑ የመጀመሪያውን ፎቶ ይክፈቱና «ኢፊሸንሲ»ውን እንደገና ያንብቡ። አሮጌውን ራም ደግሞ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት እንጂ ለማንም አይስጡ።